ደህናውን ሞተር ያስጠፋው ድምዳሜ

እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 8 ቀን 1989 ማታ ከለንደን ሂትሮው ወደ ቤልፋስት የተነሳው የብሪቲሽ ሚድላንድ በረራ ቁጥር 92፣ 126 ሰዎችን አሳፍሮ ነበር። 28,300 ጫማ ከፍታ ላይ ሲደርስ አውሮፕላኑ በድንገት መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ኮክፒቱ (የአብራሪዎቹ ክፍል) ውስጥም ጭስ ገባ፤ የሚቃጠል ነገርም ሸተተ። በግራው ሞተር ፊት ከሚሽከረከሩት የፋን ምላጮች አንዱ ተሰብሮ ነበር። ቦይንግ 737-400 ያለው ሁለት ሞተር ብቻ ስለሆነ ዋናው አብራሪ የትኛው እንደተበላሸ ጠየቀ። ረዳቱ ግራው ሊል ጀምሮ አቋረጠና «ቀኙ ነው» አለ። የቀኙ ኃይል ተቀነሰ። ንዝረቱም ጭሱም ጋብ አለ። ችግሩ ከጀመረ ሁለት ደቂቃ እንዳለፈ ቀኙን ጭራሽ አጠፉት። ቀኙ ግን ምንም አልነካውም ነበር።

አንድ ነገር ካደረግን በኋላ ሁኔታው ከተሻለ፣ ያሻለው ያደረግነው ነገር ነው ብሎ መደምደም በየሙያው ያለ ስህተት ነው። እዚህ ግን የስህተቱ አካሄድ በመቅረጫ መሣሪያዎቹ ላይ ተይዞ ስለቀረ፣ ከማሽን ጋር የሚሠራ ሁሉ ደረጃ በደረጃ ቢያጠናው ይጠቅመዋል።

ንዝረቱ ለምን ቀነሰ? አውሮፕላኑ ከፍታ ሲጨምር የሞተሮቹን ኃይል የሚቆጣጠረው አውቶስሮትል የሚባለው አውቶማቲክ መሣሪያ ነበር። የተጎዳው ግራ ሞተር ኃይል ሲያጣ፣ አውቶስሮትሉ የታዘዘውን ኃይል ለመጠበቅ ነዳጅ ይጨምርለታል። ነዳጅ በተጨመረ ቁጥር የሞተሩ መንገጫገጭ ባሰበት። አብራሪዎቹ የቀኙን ኃይል ለመቀነስ መጀመሪያ አውቶስሮትሉን አላቀቁ። ያን ጊዜ ግራው ሞተር ከነዳጅ ግፊቱ ተገላገለና ዝቅ ባለ ፍጥነት ረጋ። እንግዲህ በአንድ ጊዜ ሁለት ነገር ተለውጧል፤ አንደኛው ሆን ተብሎ፣ ሌላው ለዚያ ሲባል እግረ መንገዱን። ምስጋናው የተሰጠው ሆን ተብሎ ለተደረገው ነው።

ከዚያ በፊት የነበሩት ግምቶችም ቀላል አልነበሩም። ዋናው አብራሪ ስለ አየር ማቀዝቀዣው ከነበረው እውቀት ተነስቶ፣ ጭሱ ከመንገደኞች ክፍል በኩል ከመጣ ጥፋቱ የቀኙ ነው ብሎ አሰበ። እውቀቱ ለቀደሙት የ737 ዓይነቶች የሚሠራ ሲሆን፣ በዚህ በ737-400 ግን የግራው ሞተር አየርም ወደ መንገደኞች ክፍል ይገባል። የንዝረት መለኪያውም ሌላ ጉዳይ ነው። በአሮጌዎቹ አውሮፕላኖች ላይ መለኪያው የማይታመን ስለነበር ብዙ አብራሪዎች ማየቱን ትተውት ነበር። በአዲሱ አውሮፕላን ላይ ግን ይታመናል፤ ያን ማታም የግራው መለኪያ ጫፍ ድረስ ሄዶ ለደቂቃዎች እዚያው ቆይቷል። ነገር ግን መለኪያው ትንሽ ነበር፤ ሁለቱ አብራሪዎችም በ400ው ላይ ያላቸው የበረራ ሰዓት ጥቂት ነበር። ትናንት እውነት የነበረ እውቀት ዕቃው ሲቀየር አብሮ መፈተሽ አለበት የሚባለው ለዚህ ነው።

ሰውነት የተሰማውን ትቶ መለኪያ ማንበብ የሚያስፈልገውም እዚህ ላይ ነው። ንዝረቱ ጋብ ብሎ የተሰማው ሰው፣ ግራው መለኪያ ላይ ዓይኑን ቢጥል ኖሮ ሁለቱ እንደማይስማሙ ያይ ነበር። ፈተና የሚባለው፣ ጥፋቱ የግራው ቢሆንና የቀኙ ቢሆን የተለያየ መልስ የሚሰጥ ነገር ነው። የቀኙን ኃይል ቀንሶ የግራውን እንዳለ መተውና ሁለቱን መለኪያዎች ጎን ለጎን ማየት እንዲህ ዓይነት ፈተና ይሆን ነበር። የጭሱ መጥፋት ብቻውን ግን ሁለቱንም መልስ ይቀበላል።

በጣም የሚያሳዝነው ቀጥሎ የሆነው ነው። ወደ ኢስት ሚድላንድስ አውሮፕላን ማረፊያ እየወረዱ ሳለ ዋናው አብራሪ ያዩትን ምልክት አንድ በአንድ መልሶ መቁጠር ጀምሮ ነበር፤ ንዝረት፣ ጭስ እያለ። በመሃል የሬዲዮ መልእክት ገባና ሐሳቡ ተቆረጠ። ረዳቱ ደግሞ የማረፊያውን መረጃ ኮምፒዩተሩ ውስጥ ለማስገባት እየታገለ ነበር። ወደዚያ ቆጠራ ማንም አልተመለሰም። በሥራ ላይ የተቋረጠ ማጣራት ከመጀመሪያው እንዲጀመር ደንብ ማውጣት ስንት ነፍስ እንደሚያድን ከዚህ በላይ የሚያሳይ ነገር የለም።

ከኮክፒቱ ኋላም እውነቱን ያዩ ነበሩ። በርካታ መንገደኞችና የበረራ አስተናጋጆች ከግራው ሞተር እሳት ሲወጣ አይተዋል። ዋናው አብራሪ በድምፅ ማጉያ ችግሩ የቀኙ ሞተር እንደነበርና እንደጠፋ ሲናገር፣ ልዩነቱን ወደ ፊት ሄዶ የነገረው አልነበረም። ባለሙያው ያውቃል ብሎ ዝም ማለት ከአብራሪዎቹ ግምት ያላነሰ ስህተት ነው። ግን በመንገደኞቹም በአስተናጋጆቹም መፍረድ አይቻልም፤ አስተናጋጆቹና አብራሪዎቹ እንዲህ ያለውን ነገር የሚነጋገሩበትን መንገድ አብረው አልሠለጠኑበትም ነበር።

ቁልቁል ሲወርዱ ከግራው ሞተር የሚፈለገው ኃይል ትንሽ ስለነበር ሁሉም ነገር ሰላም መሰለ። ለማረፍ ተቃርበው ኃይል ሲጨመርበት፣ ከማኮብኮቢያው 4.4 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲቀራቸው፣ 900 ጫማ ላይ ሞተሩ ከዳቸው። ቀኙን መልሶ ለማስነሳት ጊዜ አልነበረም። አውሮፕላኑ ኬግዎርዝ መንደር አጠገብ ኤም 1 አውራ ጎዳና ዳር ካለው የአፈር ግንብ ጋር ተጋጨ። 47 ሰዎች ሞቱ።

ዛሬ በብዙ አየር መንገዶች አንድ አብራሪ የሞተር ማንሻ ከመንካቱ በፊት ቁጥሩን ጮክ ብሎ ይጠራል፤ ሌላው መለኪያውን አይቶ እስኪያረጋግጥ ድረስም አያንቀሳቅሰውም። ጄኔሬተር፣ ሰርቨር ወይም የፋብሪካ ፓምፕ የሚያጠፋ ባለሙያም ይህን ሊወስደው ይችላል፤ የሚጠይቀው ጥቂት ሰከንድ ነው።

ምላጩ ራሱ ለምን ተሰበረ የሚለው ግን ጥቂት ወራት ፈጀ። በዚያው ዓመት ጁን ውስጥ፣ በሁለት ቀን ልዩነት፣ ተመሳሳይ ሞተር ያላቸው ሌሎች ሁለት 737-400ዎች ምላጭ ተሰብሮባቸው በሰላም አረፉ። ኃይሉ ከፍ የተደረገው ይህ የሞተር ዓይነት የንዝረት ፍተሻውን ያለፈው ምድር ላይ ነበር፤ ምላጩን የሚያደክመው ንዝረት ደግሞ የሚነሳው ከፍታ ላይ ነው። ምድር ላይ ካለፈ ሰማይ ላይም ያልፋል የሚለው እምነት ከዚያ በኋላ ተትቶ፣ የዚህ ዓይነት ሞተሮች ንዝረት በበረራ ላይም መፈተሽ ጀመረ።