የባትሪ ድንጋይ በእንቁላል ትሪ

በ2017 ዓ.ም. ረመዳን፣ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ፣ እናቴ የሱሑሩን ወጥ እያሞቀች ሳለ የደሴ ሰፈራችን መብራት ጠፋ። «ባትሪውን አምጣልኝ» አለች። ባትሪው ከበሩ ኋላ በምስማር እንደተንጠለጠለ ነው፤ ማብሪያውን ብገፋው ዝም አለ። ክዳኑን በግድ ስፈታው ሁለቱ ትልልቅ ድንጋዮች አብጠው ከቱቦው ጋር ተጣብቀዋል፤ ሽቦው ዝጓል፤ ጣቴን የሚያሳክክ ነጭ ዱቄት ወጣ። ስልኬ ላይ የቀረው ቻርጅ አራት በመቶ ብቻ ነበር።

መሳቢያውን ዳበስኩ። አሥራ አንድ ድንጋይ አገኘሁ፤ የትኛው በሕይወት እንዳለ ግን የሚያውቅ የለም። አንድ ያልተከፈተ ፓኬትም ነበር። ታናሽ ወንድሜ በዚያችው በቀረችው የስልክ ብርሃን አንብቦ «2019 ይላል፤ ገና ሁለት ዓመት አለው» ብሎ ደስ አለው። ድንጋዩ ላይ የሚታተመው ዓመት የፈረንጅ ነው። በእኛ አቆጣጠር ቀኑ ካለፈ ስድስት ዓመት ገደማ ሆኖታል! ሱሑሩን በከሰሉ ፍም ብርሃን በላን።

ከዚያ በኋላ ነገሩን የእልህ ጉዳይ አደረግሁት። መጀመሪያ የሠራሁት ሥራ ግን ራሱ ጥፋት ነበር። ቤት ያለውን ድንጋይ ሁሉ ሰብስቤ በአንድ የብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ዘረገፍኩት፤ ከሳንቲም፣ ከቁልፍና ለቴስተሬ (ለቮልት መለኪያዬ) ከገዛሁት ባለ ዘጠኝ ቮልት ባትሪ ጋር። ማታ ቆርቆሮውን ሳነሳው ሞቋል። የዚያ ባትሪ ሁለት ጫፎች ጎን ለጎን ስለሆኑ አንዲት ቁልፍ ሁለቱንም ብትነካ ኤሌክትሪኩ በእሷ በኩል አቋርጦ ያልፋል፤ እንዲያ ሲግል አጠገቡ ወረቀት ቢኖር እሳት ይነሳል። አሁን ጫፎቹን በፕላስተር ሸፍኜ ለብቻው አስቀምጠዋለሁ፤ ብረት ዕቃ ውስጥም ድንጋይ አላስገባም።

መፍትሔው ከጓዳ መጣ። የእንቁላል ትሪ ካርቶን ነው፤ ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም፤ ትልቁ ድንጋይ ቀዳዳው ላይ ቀጥ ብሎ ይቆማል። ቀጫጭኖቹን አራት አራት አድርጌ፣ ራሳቸውን በአንድ ወገን አዙሬ፣ በላስቲክ አስሬያቸዋለሁ። በእያንዳንዱ ላይ የገዛሁበትን ወርና ዓመት በእኛው አቆጣጠር በማርከር እጽፋለሁ። አዲሱ ከኋላ ይገባል፤ የሚወሰደው ከፊት ነው። ባለ ሱቅ የሆነ ሰው ይህን ሳይነገረው ያውቀዋል።

ዋናው ጥቅም የመጣው ግን ከመደርደሩ ሳይሆን ድንጋዮቹን በሥራ ከመከፋፈሉ ነው። አዲስ አልካላይን (ከተራው ድንጋይ ይልቅ የሚቆየው ዓይነት) በቴስተር ሲለካ 1.5 ቮልት ወይም ትንሽ ከፍ ያለ ያሳያል። ወደ 1.2 ሲወርድ የእጅ ባትሪው ይደበዝዛል፤ እኛም «አለቀ» ብለን እንጥለው ነበር። ለግድግዳ ሰዓት ግን ያ ቅሪት ብዙ ነው፤ ሰዓት የሚፈልገው ኤሌክትሪክ እጅግ ጥቂት ስለሆነ በእጅ ባትሪ በቃው በተባለ ድንጋይ ወራት ይሄዳል። ስለዚህ ድንጋይ በቤታችን በማዕረግ ይወርዳል፦ መጀመሪያ ባትሪ፣ ቀጥሎ ሬዲዮ፣ በመጨረሻ ሰዓትና ሪሞት። በአንድ ነገር ግን ቴስተሩ አታሎኛል። ምንም ሥራ ያልያዘ ድንጋይ ከአቅሙ በላይ ያሳያል። 1.35 ብሎ ያስደሰተኝ ተራ ድንጋይ ባትሪ ውስጥ ሲገባ በደቂቃ ወደቀ። አሁን ከለካሁት በኋላ አብርቼ አየዋለሁ።

አሮጌና አዲስ አብሮ ማስገባት የእናቴ ልማድ ነበር፤ «አዲሱ አሮጌውን ይደግፈው» ትላለች። ድጋፍ የለም። አዲሱ ደካማውን እያስገደደ ከልኩ በታች ስለሚያወርደው የሚፈሰው ያ ደካማው ነው። የተራው ድንጋይ ደግሞ ቆርቆሮው ራሱ ዚንክ የተባለ ብረት ስለሆነ ኤሌክትሪክ በሰጠ ቁጥር ግድግዳው ይበላል፤ ሳስቶ ሲቀደድ ውስጡ ይወጣል። ከበሩ ኋላ የተንጠለጠለውን ባትሪ የገደለው ይህ ነው። አሁን ባትሪውና ድንጋዩ በአንድ ከረጢት፣ ግን ተለያይተው ይሰቀላሉ። ለማጽዳቱም ተሳስቼ ሎሚ ጨመቅሁበት። ሎሚና ኮምጣጤ ለአልካላይን ፍሳሽ ነው፤ የተራው ድንጋይ ፍሳሽ ራሱ አሲድነት ስላለው የሚሻለው ለምግብ የሚሆን ሶዳ ነው።

ፀሐይ ላይ ማስጣትና በጥርስ መንከስስ? በልጅነታችን ሁሉም ያደርገው ነበር። ፀሐዩ ለጥቂት ጊዜ ይሠራል፤ ሙቀት በውስጡ ያለውን ኬሚካል ስለሚያፋጥን የቀረችውን አሟጦ ያወጣል እንጂ አዲስ ኃይል አይጨምርም። ንክሻው ግን ቆርቆሮውን ስለሚያጎደጉደው ፍሳሹን ወደ አፍ ይጋብዛል።

ያው ሙቀት በማከማቻም ይጎዳል። እህቴ ኮምቦልቻ ነው የምትኖረው፤ በሐረጎ መንገድ ሃያ አምስት ኪሎ ሜትር ያህል ቁልቁል ሲወረድ ብርዱ ከኋላ ይቀራል። እሷ ድንጋዮቿን በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ቁም ሳጥን ላይ ታስቀምጥ ነበር። የኛው ከጦሳ ተራራ የሚወርደው ብርድ ያለ ወጪ ይጠብቅልናል። ፍሪጅ ውስጥ ላስገባቸው ስትል ከለከልኳት፤ ሲወጡ ላብ ይይዛቸዋልና። ጥላ ያለበት የታችኛው መሳቢያ በቂ ነው። የአሻንጉሊቶቹን ክብ፣ ሳንቲም መሳይ ባትሪዎች ግን ከፍ አድርጋ ቆልፋባቸዋለች። ሕፃን ቢውጣት በሁለት ሰዓት ውስጥ ጉሮሮን ልታቃጥል ትችላለች፤ እስኪያስመልሰው መጠበቅ ሳይሆን ወዲያው ሐኪም ቤት መሮጥ ነው።

ከትሪው ላይ ስድስት ትልልቅ ድንጋዮች በቀይ ክር ታስረዋል፤ ማንም አይነካቸውም። በ2014 ዓ.ም. ኅዳር ደሴ መብራትም ስልክም ተቋርጦባት በቆየችበት ጊዜ ሬዲዮና ድንጋይ ያለው ቤት ማታ ማታ በጎረቤት ይሞላ ነበር። እኛ ሬዲዮ ነበረን፤ ድንጋይ አልነበረንም። ፓወር ባንኩንም በየሦስት ወሩ አየዋለሁ፤ ሞልቶም ባዶም ሆኖ ሳይሆን ግማሽ ያህል ይዞ ነው የሚቀመጠው።

ያልፈታሁት የሞቱትን ነው። ልጆች ሳለን ሰብረን ጥቁሩን ዱቄት ለጥቁር ሰሌዳ መቀቢያ እንወስድ ነበር፤ ዛሬ ያንን ለልጅ አልፈቅድም፤ እሳት ውስጥም አይጣሉም፣ ይፈነዳሉ። ባለ ክዳን የፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ አጠራቅማቸዋለሁ። ዕቃው ከአፉ ደርሷል፤ እናቴም የበርበሬ ዕቃዬን መልስልኝ እያለች ነው።