ማጉያዬ የተበላሸ የመሰለኝ ቀን

ጉዞው ቆየት ብሏል። ሳልስበሪ ክራግስ ከተባለው ገደል ስር የሚያልፈው የእግር መንገድ በ2018 (እ.ኤ.አ.) በድንጋይ ናዳ ሳይዘጋ በፊት ነው። ገደሉ ወዳለበት ወደ ስኮትላንዷ ኤድንብራ የሄድኩት ለሌላ ጉዳይ ነበር። ሁለት ቀን ሲተርፈኝ ግን ማጉያ መነጽሬን ኪሴ ከትቼ ወጣሁ። ሳልስበሪ ክራግስ የመሬት ጥናት ሊቁ ጄምስ ኸተን በ18ኛው ክፍለ ዘመን፣ ብዙዎች አለት ሁሉ ከውኃ የረጋ ነው በሚሉበት ዘመን፣ የለም ይሄኛው ቀልጦ ከታች የመጣ ነው ብሎ ማስረጃ ያየበት ገደል ነው።

መጀመሪያ የሁለቱ አለቶች መገናኛ ጋ ቆምኩ። ከስር ደለል የነበረ ስስ ስስ ንብርብር አለ፣ ከላዩ ዶለራይት የሚባል፣ ከቅልጥ የበረደ ጥቁር ግራጫ ድንጋይ። ቅልጡ ሲገባ የደለሉን ጫፍ ፈልቅቆ ወደ ላይ አንስቶታል፤ በእግር የተገፋ ምንጣፍ ይመስላል። አፍንጫዬን ድንጋዩ ላይ ለጥፌ ዶለራይቱን በማጉያ ባየው ምንም የለም። ደፈና ጥቁር። ማጉያው የተበላሸ መስሎኝ በሸሚዜ ጠረግኩት፣ ያው ነው።

ትንሽ ራቅ ብሎ ከገደሉ ወገብ የወደቀ ቋጥኝ ነበር። እሱን ሳየው ሌላ ዓለም! ፌልድስፓር የሚባለው ማዕድን ነጫጭ ስንጥሮች፣ በመሐላቸው ፓይሮክሲን የሚባል ሌላ ጥቁር ማዕድን፣ እያንዳንዱ ለብቻው የሚለይ። ቅልጡ ያው አንድ ነው። የተለየው ያገኘው ጊዜ ብቻ ነው። ዳሩ ቀዝቃዛውን ደለል ሲነካ ድንገት በረደ፤ ክሪስታሎች በየቦታው አንዴ ጀመሩና ማንም ሳያድግ ሁሉም ባሉበት ቀሩ። መሐሉ ግን ቀስ ብሎ ስለበረደ የጀመሩት ጥቂት ናቸው፣ እነሱም አቶም እየሰበሰቡ ለመፋፋት ፋታ አገኙ። ቀድሞ ያደገው የራሱን ቅርጽ ይይዛል፣ ዘግይቶ የመጣው የተረፈለትን ክፍተት ሞልቶ ይቀራል። (ታክሲ ውስጥ መጨረሻ የገባ ሰው እንደሚቀመጠው ማለት ነው።)

ይህን በእሳት የፈተነው የኸተን ወዳጅ ጄምስ ሆል ነው። ኸተን በምድጃ ሙከራ ብዙም ስለማያምን ሆል እሱ በ1797 እስኪሞት ጠብቆ ነው ይባላል ውጤቱን ይዞ የቀረበው። እንዲህ ያለውን ጥቁር ድንጋይ አቅልጦ ቶሎ ሲያበርደው ብርጭቆ ሆነ፤ አዝግሞ ሲያበርደው ደግሞ ቅንጣቶቹ ተመልሰው መጡ። እኔ ከዚህ የበለጠ ያማረ ሙከራ አላውቅም።

እዚያው ኤድንብራ ያለው አርተርስ ሲት ኮረብታ ላይ ደግሞ ሁለቱም ፍጥነት በአንድ ድንጋይ አለ። በደቃቅ ባዛልት ውስጥ ትልልቅ ክሪስታሎች ተበትነዋል። ትልልቆቹ ከመሬት በታች ተረጋግተው ሲያድጉ ቆይተው፣ ከቀሪው ቅልጥ ጋር ሽቅብ ተጠርገው የወጡ ናቸው።

በማግስቱ ወደ ምሥራቅ፣ ሲካር ፖይንት ወደሚባለው የባሕር ዳርቻ ሄድኩ። ቁልቁለቱ ሣር ነው፣ ያንሸራትታል፣ ግማሹን በቂጤ ነው የወረድኩት። ኸተን በ1788 ከሆልና ከሌላ ወዳጁ ከጆን ፕሌይፌር ጋር የመጣው በጀልባ ነበር፤ ብልህ ሰው።

እዚህ ያለው ቅንጣት ሌላ ታሪክ አለው። አለቱ ውስጥ አላደገም፣ ከሌላ አለት ተሰብሮ የመጣ ነው። ቀጥ ብሎ የቆመው ግራጫ አለት 435 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ዕድሜ አለው። በማጉያ ሲታይ ቅንጣቶቹ ጠርዛቸው ሹል ነው፣ ትልቁና ትንሹ ከጭቃ ጋር ተደባልቋል፤ ከባሕር ስር በናዳ መልክ ተንዶ በጥድፊያ ስለተራገፈ በመጠን በመጠኑ ማንም አልመረጠውም። በላዩ የተኛው ቀይ የአሸዋ ድንጋይ በ65 ሚሊዮን ዓመት ያህል ያንሳል። የሱን አሸዋ ወንዝ ስላንከባለለው ይበልጥ የተመረጠ ነው፣ ቅላቱም ቅንጣቶቹን ከለበሰው የብረት ዝገት የመጣ ነው። ቀዩ ከግራጫው ጋር በሚገናኝበት ቦታ ደግሞ የግራጫው ስብርባሪ በቀዩ ውስጥ ተቀብሮ ይታያል። እዚያ ላይ አንድ ሰዓት ሳልፈጅ አልቀርም።

ዳገቱን ወጥቼ ጫማዬን ሳራግፍ ቀይ አሸዋ ወጣ። አንዷን መዳፌ ላይ አድርጌ በማጉያ አየኋት፤ ጥርት ያለች ኳርትዝ፣ ጎኗ ላይ ትንሽ ዝገት የቀረባት።