ሽማግሌዎቹንና ወጣቶቹን አንድ መድረክ ላይ አምጧቸው

የአዲስ አበባ ሙዚቃ ሰው ከሰው እየተማረው የመጣ ነው። አርመናዊው የሙዚቃ ሰው ኬቮርክ ናልባንዲያን «አርባ ልጆች» የተባሉትን የአርመን ወላጅ አልባ ልጆች የማርሽ ባንድ አሠለጠነ፤ የወንድሙ ልጅ ነርሲስ ደግሞ ዛሬ ብሔራዊ ቴአትር በምንለው ቤት ሌሎችን አሠለጠነ። ከዚያ በ1961 ዓ.ም. አምሃ እሸቴ የራሱን የሙዚቃ አሳታሚ ድርጅት አቋቁሞ የወጣቶቹን ሸክላ ማውጣት ጀመረ። ደርግ መጣና ሰዓት እላፊው የምሽት ቤቶቹን አዳከማቸው፤ ባንዶች ተበተኑ፣ ብዙዎቹም ተሰደዱ።

ጥር 2007 ላይ እቴጌ ጣይቱ ሆቴል ሲቃጠል በውስጡ የነበረው የሙዚቃ ክበብ ጃዝ አምባም አብሮ ሄደ። እስካሁን ያንገበግበኛል። መሣሪያ በገንዘብ ይተካል፣ አንጋፋ ድምፃዊ ከኋላው ወጣቶች እያጀቡት የሚዘፍንበት፣ ልጆቹም የት ቆም፣ የት ሳሳ እንደሚል ዓይኑን እያዩ የሚማሩበት ቤት ግን በቀላሉ አይገኝም። ይህን ዩቲዩብ አያስተምርም።

ስለዚህ ፒያሳም ሆነ ካዛንቺስ የምሽት ቤት ያላችሁ ሰዎች፣ እባካችሁ፣ በሳምንት አንድ ቀን ሙዚቃውን ከምሽቱ አንድ ሰዓት ጀምሩት። እኩለ ሌሊት ላይ የሚጀምር ነገር ታክሲ የሚያሳስበው የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ተማሪም ሆነ አዛውንት አያየውም። ተጫዋቾቹን ደግሞ በስማቸው አስተዋውቁ፤ ቤዝ የሚመታውም ስም አለው። እኛ አድማጮችም መግቢያውን እንክፈል፤ የባለቤቱ ጓደኛ ነኝ እያልን በነፃ አንግባ፣ ከዚያችው ብር ነው የሚከፈላቸው።