ማታ ማታ የሚጠፋው ቁጥር

ጓሯችን ውስጥ በባሕር ዛፍ እንጨት ላይ የተሰቀለች የአየር ሁኔታ መለኪያ አለችኝ፤ ወንድሜ ከውጭ የላካት። ማሳያው ሳሎን ነው። መካከሉን በእግሬ ለካሁት፤ 27 እርምጃ። ካርቶኑ 100 ሜትር ስለሚል አልሰጋሁም ነበር።

ችግሩ ማታ ነው። አሥራ ሁለት ሰዓት አለፍ ሲል የውጭው ሙቀት ጠፍቶ ሰረዝ ይመጣል፤ ጠዋት ይመለሳል። ክረምት ላይ ብዙም አላሳሰበኝም፤ መለኪያዋ የዝናቡን ድምር ስለምትልክ ሌሊት የጣለውን ጠዋት ትናገራለች። የቀረብኝ የታኅሣሥ ሌሊት ብርድ ነው። ደባርቅ ያደገ ጓደኛዬ «አዘዞ ደግሞ ምን ብርድ አለና!» እያለ ይስቅብኛል፤ የኔ ማስረጃ ሰረዝ።

ባትሪውን ብርድ አድክሞት ይሆናል ብዬ ቀየርኩ። ቀጥሎ የጎረቤትን መኪና ጠረጠርኩ፤ መለኪያዋ ቁጥሩን የምትልከው በ433 ሜጋኸርዝ የሬዲዮ ሞገድ ነው፣ ብዙ የመኪና ሪሞትም እዚያው ላይ ነው። ግን ሪሞት ተጭነው ይለቁታል እንጂ ሌሊቱን ሙሉ አይልክም። ጎረቤቴን በከንቱ አማሁት።

አንድ ማታ ማሳያው ፊት ቁጭ ብዬ ጠበቅሁ። እማዬ ገባች፣ የብረቱን መስኮት ጠረቀመችው። ሻዬን ሳልጨርስ ቁጥሩ ሰረዝ ሆነ።

የ433 ሞገድ ርዝመቱ 69 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው። እንጨትና መስታወት ያልፋል፤ ደረቅ የጭቃ ግድግዳንም እየደከመ ያልፋል፤ ላሜራ ላይ ግን ነጥሮ ይመለሳል። የኛ ሳሎን ደግሞ ጣሪያው ቆርቆሮ፣ በሩ ላሜራ፣ በጓሮ በኩል የተለጠፈበት ማድ ቤት ዙሪያው ቆርቆሮ። የቀረችው መግቢያ መስኮቷ ነበረች። የካርቶኑ 100 ሜትር ባዶ ሜዳ ላይ ፊት ለፊት ለሚተያዩ ነው። መለኪያዋ ደግሞ መላክ እንጂ መስማት አታውቅም፤ ደረሰ አልደረሰ ብላ አትደግምም።

«እማዬ፣ መስኮቱን ገርበብ ብታደርጊውስ?»

«ለቁጥር ብዬ ብርድ ላስገባ?»

ማሳያውን ወደ ጓዳ አዛወርኩት። እዚያ 34 እርምጃ ነው፤ ራቀ እንጂ አልቀረበም፤ መካከል ያለው ግን የጭቃ ግድግዳ ብቻ። ሌሊቱን ሙሉ ቁጥር አለኝ። ከትናንት በስቲያ ወደ 9.4 ዲግሪ ሲወርድ ፎቶ አንስቼ ለደባርቁ ልኬለት ነበር፤ አልመለሰልኝም።

ዛሬ ጠዋት እንደገና ሰረዝ። ጓዳ ብገባ እማዬ ትልቁን የብረት ትሪ አጥባ ማሳያው ላይ አስደግፋዋለች።