ጀበናው ቀድሞ ይፈላ ነበር

ማጋነን እንዳይመስላችሁ። ጠዋት ላፕቶፑን አብርቼ ጀበና እጥዳለሁ። ቡናው ፈልቶ ሲወርድ ዊንዶውስ ገና እያዞረ ነው። ያማከርኩት ሁሉ «ራም ጨምርለት» አለኝ። ራም ማለት የተከፈቱ ፕሮግራሞች የሚሠሩበት ጊዜያዊ ማስታወሻ ነው። ከ4 ወደ 8 ጊጋ ጨመርኩለት። ለውጡ እዚህ ግባ የሚባል አልነበረም።

አንድ ቀን ኮምፒውተሩ ምን ላይ እንደተጠመደ የሚያሳየውን ታስክ ማናጀርን ስከፍት ዲስኩ 100 ፐርሰንት ላይ ተቸክሎ አገኘሁት። ራሙ ግን ግማሹ ባዶ ነው። ለካ የሚጎትተኝ በደቂቃ 5400 ጊዜ የሚሽከረከረው ሀርድ ዲስክ ኖሯል። ውስጡ ሳህን አለ፤ በላዩ ላይ እንደ ሸክላ ማጫወቻ መርፌ ያለች ነገር ወዲያ ወዲህ እያለች ፋይል ትፈልጋለች። አንድ ረጅም ፊልም ለማንበብ አትቸገርም፤ ባለችበት ቀጥ ብላ ትሄዳለች። ዊንዶውስ ሲነሳ ግን በየቦታው የተበተኑ እልፍ ትንንሽ ፋይሎችን ይጠራል። ያኔ ሩጫ ብቻ ነው። በሀርድ ዲስክ ፋንታ የሚገባው ኤስኤስዲ የሚባለው ማጠራቀሚያ ውስጥ ግን የሚንቀሳቀስ ነገር የለም፤ ቺፕ ነው።

ኤስኤስዲ ልገዛ መገናኛ ሄጄ ባለሱቁን «ፈጣኑን ስጠኝ» አልኩት። የማስቲካ ያህል ቀጭን የሆነች፣ ኤንቪኤምኢ የምትባል የኤስኤስዲ ዓይነት ሰጠኝ። ቤት ገብቼ ላፕቶፑን ስፈታው የምትሰካበት ቦታ የለም! የኔ አሮጌ የሚቀበለው በሀርድ ዲስኩ ቦታ የሚገባውን፣ ሳታ የሚባለውን ባለ 2.5 ኢንች ዓይነት ብቻ ነው። ደግነቱ ባለሱቁ ሳያንገራግር ቀየረልኝ። ከዚያ ወዲህ ምክር ለሚጠይቀኝ ሁሉ «መጀመሪያ ጀርባውን ፍታና እይ» እላለሁ። ሳታ በሰከንድ 550 ሜጋ ባይት አካባቢ ላይ ይቆማል፤ ኤንቪኤምኢ ያንን በብዙ እጥፍ ያስከነዳዋል። ከሀርድ ዲስክ ለመጣ ሰው ግን ሳታውም ገነት ነው።

የገዛሁት 256 ጊጋ ነው። ለ1 ቴራ ኪሴ አልፈቀደም። ዊንዶውስን እንደ አዲስ ጫንኩበት፤ ከአሮጌው ብገለብጠው ኖሮ የዓመታት ቆሻሻ አብሮኝ ይመጣ ነበር። በማግስቱ ጀበናውን ሳልጥድ ተከፈተ።

አሮጌውን ሀርድ ዲስክ አልጣልኩትም። የዩኤስቢ ኬዝ ገዝቼለት ፊልምና ፎቶ ማጠራቀሚያ አደረግኩት። ይሄም ትክክል ነበር፤ በተመሳሳይ ብር ብዙ ቦታ የሚሰጠው አሁንም ሀርድ ዲስክ ነው። የተሳሳትኩት ኤስኤስዲው እንዳይሞላብኝ ሰስቼ ፎቶዎቹን ኮፒ ሳይሆን ካት ማድረጌ ላይ ነው። ሌላ ቦታ አላስቀረሁም።

አንድ ማታ ፊልም እያየንበት ልጄ ገመዱን ጎተተው። ዲስኩ እየተሽከረከረ ከጠረጴዛ ወደቀ። መልሼ ስሰካው ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ ይላል እንጂ አይከፍትም። ኤስኤስዲ ቢሆን ያ አወዳደቅ ምናልባት ምንም ባላደረገው ነበር። ግን እሱም ሲሞት ቀጭ ብሎ እንኳ አያስጠነቅቅም፤ ብዙ ጊዜ ድንገት ድርግም ነው የሚለው። ስለዚህ አሁን ሁለት ቦታ አስቀምጣለሁ።

የእህቴ የመልስ ፎቶዎች ከቤተሰቡ የቴሌግራም ግሩፕ ላይ ተለቅመው ተገኙ። እነሱም ሰባት ብቻ፣ ደብዘዝ ያሉ።