ታፕ ዳንስን በጆሮ መማር

ታፕ ዳንስ፣ ማለትም ከሥሩ ብረት በተገጠመለት ጫማ ወለሉን እየመቱ የሚጨፈረውን ጭፈራ፣ ስማር የመጀመሪያዎቹን ሦስት ወራት የለፋሁት እግሬን በማየት ነው። መስታወት ፊት ቆሜ፣ አንገቴን ደፍቼ፣ ጫማዬ የት እንዳረፈ እከታተላለሁ። እርምጃዎቹን በቃሌ ይዣቸዋለሁ፤ ድምፁ ግን አልመጣ አለኝ። አንድ ቀን አስተማሪዬ ጀርባዋን አዞረችና «በይ ቀጥዪ» አለችኝ። ስጨርስ የሰማችውን በጭብጨባ ደገመችልኝ። አንዱ ምት ከሌላው ተጣብቋል፣ አንዱ ዘግይቷል፣ የግራ እግሬማ ጭራሽ አይሰማም። የታፕ ዳንሰኛ ከበሮ መቺ መሆኑ የገባኝ ያኔ ነው።

ወደ ሻፍል ተመለስኩ። ሻፍል ሁለት ድምፅ ነው፦ የጫማው የፊት ብረት ወደ ፊት ሲሄድ ወለሉን ጠረግ ያደርጋል፣ ሲመለስ ደግሞ ይደግመዋል። የእኔ ሁለተኛው ድምፅ ይጠፋ ነበር፤ ቁርጭምጭሚቴን አድርቄ እግሬን ከዳሌዬ ስለምወረውር። ወንበር ይዤ አንድ እግሬን አነሳሁና ጫማዬ ላይ ያለ ውሃ የማራግፍ ያህል ቁርጭምጭሚቴን ለቀቅኩት። ጠረግ፣ ጠረግ። ትልቁ ችግር ግን የቆምኩበት እግር ላይ ነበር። ጉልበቴን ገትሬ ስቆም ሌላው እግሬም አብሮ ይደርቃል። ጉልበቴን አጠፍ አድርጌ ክብደቴን ወደ እግሬ ጣቶች ሳመጣው ድምፁ ጠራ።

ፍላፕን ከሻፍል ጋር የማምታታውም በዚሁ በክብደት ምክንያት ነው። ፍላፕ ወደ ፊት ጠረግ አድርጎ እዚያው ይረግጣል፤ ክብደት ወደዚያ እግር ይዞራል። በሻፍል ግን አይዞርም። ስለዚህ ከእያንዳንዱ እርምጃ በኋላ «አሁን ነፃ የሆነው የትኛው እግሬ ነው?» እያልኩ ራሴን መጠየቅ ጀመርኩ።

ምት የሚቆጥርልኝን መሣሪያ፣ ሜትሮኖሙን፣ በደቂቃ 60 ምት ላይ አደረግሁት። ቀስ ብሎ መምታት ከመፍጠን ይከብዳል፤ ስህተት መደበቂያ ያጣል። ስልኬን ወለሉ ላይ አስቀምጬ የእግሬን ድምፅ ብቻ እቀዳለሁ፣ ከዚያ ቁጭ ብዬ አዳምጣለሁ። ቪዲዮ አልፈልግም፤ ዓይን ጆሮን ያታልላል።

ከሁሉ ያስቸገረኝ ክራምፕ ሮል ነው፦ የቀኝ ጣት፣ የግራ ጣት፣ የቀኝ ተረከዝ፣ የግራ ተረከዝ፤ አራት እኩል ድምፆች። ተረከዞቼ ሰነፎች ነበሩ። አሜሪካዊው የታፕ ዳንሰኛ ቢል ሮቢንሰን በአብዛኛው በእግሩ ጣቶች ላይ ከፍ ብሎ፣ ቀለል አድርጎ ነበር የሚጨፍረው። ሌላው አሜሪካዊ ዳንሰኛ ጆን ባብልስ ግን በ1920ዎቹ ተረከዙን እየጣለ ወፍራም ድምፅ አመጣና ሪትም ታፕ ለሚባለው አጨፋፈር መንገድ ከፈተ። ይህን ካወቅሁ በኋላ ተረከዜን ከጣቴ እኩል አሠለጥነው ጀመር፤ በየቀኑ አሥር ደቂቃ ተረከዝ ብቻ።

ሲሚንቶ ላይ ግን አትለማመዱ። ምቱን ስለማያለዝብ ጉልበትና ጅማትን ይጎዳል፤ እኔ ሁለት ሳምንት ያለ ልምምድ የከረምኩት በዚሁ ነው። አሁን ጣውላ ላይ ነኝ። የብረቶቹን ብሎኖችም ከልምምድ በፊት አያለሁ፤ ከላሉ ድምፁ ይንኳኳል፣ ብሎኑም ወለሉን ይጭራል።

የግራ እግሬን ከቀኙ በፊት ነው የማስጀምረው፣ ገና ሳልደክም። ባለፈው ሳምንት የቀዳሁትን ክራምፕ ሮል ከፍቼ ሰማሁት፤ በየትኛው እግር እንደጀመርኩ መለየት አቃተኝ። ደግሜ ከፈትኩት።