ልጆቼና ቦቢ

ዛሬ ልጆቹን ይዤ አምስት ኪሎ ጓደኛዬ ቤት ሄድኩ። ላብራዶር የሚባል ዝርያ ውሻ አለው፤ ስሙ ቦቢ። የኔዎቹ ውሻ የሚያውቁት ሌሊት ሰፈር ውስጥ ሲጮህ ነው። ገና በሩ ሲከፈት ትንሿ እግሬ ላይ ተጠመጠመች።

ጓደኛዬ አልቸኮለም። መጀመሪያ ቦቢን ቁጭ አሰኘው። ከዚያ ልጆቹን "አታፍጡበት። እጃችሁን ጨብጣችሁ ዝቅ አድርጉት፤ እሱ ራሱ መጥቶ ያሸታችኋል" አላቸው። ከአናቱ ሳይሆን ደረቱ ላይ እንዲያሻሹት አሳያቸው። ሲበላ ደግሞ ማንም አይጠጋውም። ትልቁ ልጄ ፈተና ያለበት ይመስል በጥሞና ነው ያዳመጠው።

ላብራዶር የዋህ ነው ሲባል እሰማ ነበር። አዎ፣ ግን 30 ኪሎ የሚመዝን የዋህ! በደስታ ጅራቱን ሲያወዛውዝ ሁለት ስኒ ከረከቦቱ ላይ ጠረገ። (ጀበናዋ ለጥቂት ተረፈች።) የዘሩ መነሻ የካናዳዋ ኒውፋውንድላንድ ናት፤ እዚያ የዓሣ አጥማጆች ረዳት ነበር። ለዚህ ነው መሰለኝ የልብስ ማጠቢያው ሳፋ ውስጥ ዘሎ የገባው።

የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ካርዱንም ጠየቅኩ። ጓደኛዬ ሳቀብኝ፤ ግን አሳየኝ።

ማታ ትንሿ "ቦቢ መቼ ነው እኛ ቤት የሚመጣው?" አለችኝ። የምንኖረው ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። እራት ብዪ አልኳት።